እንግዳ ሲመጣ የሚሞላው ምንጭ

ፈሪ ነኝ። ለትሕትና ብዬ አይደለም፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። የቃሊቲን አስፋልት ስሻገር የማላውቀውን ሰው ክንድ እይዛለሁ። ስልክ ሲጮህ መርዶ ይመስለኛል። እንዲህ ያለችውን ሴት "ባለሀብት አግባብተሽ አምጪ" ብሎ መመደብ ቀልድ ካልሆነ ምን ይባላል? ግን ተመደብኩ። የሥራ መደቤ "የኢንቨስትመንት ማስፋፊያ ባለሙያ" ይባላል፤ እናቴ ይህን ስም አንድም ቀን አስተካክላ ጠርታው አታውቅም።

ጊዜው "ልማታዊ ባለሀብት" የሚለው ቃል ከሬዲዮ የማይወርድበት ጊዜ ነበር። ሥራዬ ባለሀብቱን በቢሮው መኪና ይዤ ከቃሊቲ ወዲያ ያለውን ሜዳ ማዞርና ጥቅሙን መዘርዘር ነው። የግብር እፎይታ አለ፤ ማሽን ከቀረጥ ነፃ ይገባል፤ የመሬቱ ክፍያ ቀስ እያለ ነው፤ የጅቡቲ መንገድ በደጅ ያልፋል፤ ወጣቱ ሥራ ፈላጊ ነው፤ ከመሬቱ ሥር ደግሞ ውሃ ሞልቷል። አባታችን ሆይን የማውቀውን ያህል በቃሌ እለው ነበር። ባለሀብት ሳይመጣ ከከረመ ግምገማ አለ። ግምገማ ላይ "ተነሳሽነት ይጎድላታል" መባል ቀላሉ ነው። ከባዱ "ፀረ ልማት" የሚለው ነው። ያ ቃል የተለጠፈበት ሰው በሚቀጥለው ሰኞ ወንበሩ ላይ አይገኝም፤ የት እንደተዛወረም አይጠየቅም።

የተወለድኩት እዚያው ሜዳ ዳር ካለች የገበሬ መንደር ነው። ጤፍና ሽምብራ የሚዘራባት፣ ሰው በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ የሚጨርስባት መንደር ናት። ከመንደሩ ዝቅ ብሎ አንዲት ምንጭ አለች። ዙሪያዋ በድንጋይ የታጠረ ነው፤ ሰው ከላይ ይቀዳል፣ ከብት ከታች ይጠጣል። ውሃዋ በቅዝቃዜው ጥርስ ያደነዝዝ ነበር። አባቴ የመንደሩ ሽማግሌ በመሆኑ ክረምት ሲወጣ ጎረቤቱን ሰብስቦ ምንጯን የሚያስጠርገው እሱ ነው።

በእኛ ቤት አንድ ሕግ ነበር፤ እንግዳ ጉድለት አያይም። የቤታችን ብቻም አይደለም፣ የመንደሩ ሁሉ ሕግ ነው። አንድ ጊዜ አማቾች ሊመጡ ነው ተብሎ እናቴ ከጎረቤት ጤፍ በጆንያ ተውሳ በሩ አጠገብ ቆለለችው። እኔ በእንግዶቹ ፊት "እማዬ፣ ይሄ የማነው?" አልኩ። ጭኔን የቆነጠጠችኝ ቁንጥጫ እስካሁን የሚያቃጥለኝ ይመስለኛል። እንግዶቹ ሲሸኙ ጆንያው ወደ ባለቤቱ ተመለሰ፣ እኛም ቆሎ ቆርጥመን ተኛን። አባቴ ግን በዚያ ቀን ደስ ብሎት ነበር፤ እንግዳው ቤቱን ሙሉ አይቶ ሄዷላ።

ውሃ አሽጎ የሚሸጥ ፋብሪካ ሊተክል የሚፈልግ ባለሀብት የመጣው በበጋ ነው። ሌላ ከተማም ቦታ አይቶ ነበር። ኃላፊዬ ጠርቶኝ "ይሄ ሰውዬ ካመለጠን አለቀልን" አለኝ። "አለቀልን" ሲል እኔን ብቻ ይመለከት ነበር።

እሑድ ወደ ቤት ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት። መንደሩም የራሱ ፍርሃት ነበረው። ሜዳው መወሰዱ እንደማይቀር ሁሉም ያውቃል፤ ከገላን በኩል ኮንዶሚኒየሙ እየቀረበ ነው። ኮንዶሚኒየም ከመጣ ቤቱም ይሄዳል። ፋብሪካ ከመጣ ግን ማሳው ብቻ ይወሰዳል፣ ቤቱ ይተርፋል፣ ልጆችም ሥራ ያገኛሉ ተብሏል።

"ምን የሚሠራ ፋብሪካ ነው?" አለኝ አባቴ።

"ውሃ አሽጎ የሚሸጥ።"

እናቴ ሳቀች። "ውሃ የሚገዛ ሰው አለ? እንግዲህ አየርም ያሽጉልን!"

"ማክሰኞ ይዤው እመጣለሁ አባባ። ምንጯንም ማየት ይፈልጋል።"

ያን ቀን ስመለስ በምንጯ በኩል አልፌ ነበር። በጋ ስለሆነ ተመናምና የጣት ያህል ብቻ ትንጠባጠባለች፤ ከብት የሚጠጣበት ገንዳ ታቹ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ማክሰኞ ከባለሀብቱና ከኃላፊዬ ጋር ከመኪና ስንወርድ ምንጯ እስከ አፏ ሞልታለች። ገንዳውም ሞልቷል። የመንደሩ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ዳር ላይ ቆመዋል። እኔ መሬቱን አየሁ፤ የአህያ ኮቴ በኮቴ ላይ ነው፣ ጭቃው ገና እርጥብ ነው። ከዛፉ ሥር የታሰሩት አህዮች ጎናቸው ላይ የጀሪካን ገመድ የሠራው መስመር ይታያል። ሌሊቱን ሙሉ ከቃሊቲ ቦኖ ውሃ ሲያመላልሱ ማደራቸው ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አፉ ቢያመልጠው፣ ኃላፊዬ ኮቴውን ቢያይ፣ "ከቤተሰቧ ጋር ሆና ባለሀብት አታለለች" ብባልስ?

ባለሀብቱ ጎንበስ ብሎ ውሃውን አየ። ኮስታራ ግን ጨዋ ሰው ነበር። "አባባ፣ በበጋም እንዲህ ነው እንዴ?" ብሎ አባቴን ጠየቀው።

"እግዜር ይመስገን፣ ምን ጎድሎብን!" አለ አባቴ።

ባለሀብቱ ቦታውን ወደደው። ቆይቶ ቆፋሪዎቹ መጥተው እጅግ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ ከሥር እውነትም ውሃው የተትረፈረፈ ሆኖ ተገኘ። ለካ በቃሌ ስደግመው የኖርኩት ነገር እውነት ኖሯል። እፎይ አልኩ። ግምገማ ላይ በስሜ ተጨበጨበ። ከመንደሩም ጥቂት ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው ጠርሙስ መደርደር ጀመሩ።

የፋብሪካው የውሃ ፓምፕ ሥራ በጀመረ በሚቀጥለው በጋ ምንጯ ድርቅ አለች። ፓምፑ ይሁን የዝናቡ ማነስ በእርግጠኝነት አይታወቅም ይላሉ የቢሮ ሰዎች። እናቴ ግን ታውቃለች። ፋብሪካው በአጥሩ ሥር አንድ የቧንቧ ውሃ አውጥቶ ነበር፤ ጠዋት ለጥቂት ጊዜ ይከፈታል፣ ሴቶቹ ሳይዳረሱ ይዘጋል። ውሃው ከጥልቅ ስለሚወጣ ለብ ያለ ነው። እናቴ "ላሟ እንኳ ስትቀምሰው ቀና ብላ ታየኛለች" ትለኝ ነበር። እንዲህ እየቀለደች ወገቧ እየጎበጠ ነበር፤ ቧንቧው ያልደረሳት ቀን እስከ ቃሊቲ ትወርዳለች።

በመጨረሻ እናቴ የመንደሩን ሴቶች ይዛ ቢሮአችን ድረስ መጣች። እኔ ጠረጴዛዬ ጋ ደርቄ ቀረሁ። ሳታየኝ አልፋ ወደ ኃላፊዬ ገባች፤ እኔን ጥርስ ውስጥ ላለማስገባት መሆኑ ገብቶኛል። የጠየቁት ቀላል ነው፤ ቧንቧው ቀኑን ሙሉ ይከፈት፣ መንደሩም ውስጥ ይግባ።

ከሄዱ በኋላ ኃላፊዬ ጠራኝ። "ሐሙስ ከባለሀብቱ ጋር ሄደን ምንጩን እናያለን" አለኝ። "ደርቆ ከተገኘ ያስከፍትላቸዋል፤ ቃል ገብቷል። ካልደረቀ ግን ይሄ ወሬ ከየት እንደመጣ ማጣራት አለብን። ፋብሪካ ሲመጣ ስም የሚያጠፉ ሰዎች አሉ።" ከዚያ ቀስ ብሎ "ከፊት ሆነው ያወሩት ሴትዮ እናትሽ ናቸው አይደል?" አለኝ።

"አዎ" አልኩ።

ምንጯ ደርቃለች፤ የሄደ ሁሉ ያያታል፤ ምን ያስፈራኛል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ለአባቴም ስልክ ደወልኩለት። "ሐሙስ ባለሀብቱና ኃላፊዬ ይመጣሉ፣ ምንጯን ሊያዩ" አልኩት። "ይምጡ፣ ይምጡ" አለኝ። ያን ያህል ብቻ ነው የተነጋገርነው። የዚያው ቤት ልጅ ሆኜ ሳለ ነገሩን አልጠረጠርኩም።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ደረስን። ቁልቁል ተመለከትኩ። ምንጯ እስከ አፏ ሞልታለች። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ዳር ቆመዋል፤ አባቴ ከፊት ነው። ሴቶቹ ፈንጠር ብለው ባዶ ጀሪካን ይዘው ተቀምጠዋል። ጠዋት ቧንቧው ሲከፈት ወንዶቹ በአህያ ቀድመው ሁሉንም ቀድተው ወስደዋል። እናቴ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬቱን ታያለች። ባሏን በእንግዳ ፊት አታዋርድም።

"ታዲያ የታለ የደረቀው?" አለ ኃላፊዬ፣ ወደ እኔ እያየ።

ባለሀብቱ እጅጌውን ሰብስቦ ጎንበስ አለ፣ ፊቱን ታጠበ። "ለብ ይላል እኮ" አለ እየሳቀ። "አባባ፣ ያን ጊዜ እንዳሉት በበጋም አይጎድል ማለት ነው?"

አባቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "እግዜር ይመስገን" አለ።

ኃላፊዬ ወደ ሴቶቹ ዞረ። እናቴን ለይቶ ሲያያት አየሁ። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ፍርሃት ዛሬም ልነግራችሁ አልችልም። ብናገር አባቴን አዋርዳለሁ፣ ኃላፊዬም አይምረኝም። ዝም ብል እናቴ ስም አጥፊ ትባላለች፣ ውሃውም ይቀራል። ጭኔ ላይ የድሮው ቁንጥጫ አቃጠለኝ።

"የቧንቧው ውሃ ነው" አልኩ። "ምንጯ ደርቃለች። ዛሬ ጠዋት በአህያ አምጥተው ነው የሞሏት። አባቴ ነው ያስሞላት፤ እንግዳ ስለመጣችሁ።"

ባለሀብቱ እርጥብ እጁን እንደያዘ ቆመ። እሱም የገበሬ ልጅ ሳይሆን አይቀርም፤ ነገሩ ቶሎ ገባው፣ አባቴን ላለማየት ፊቱን ወደ ፋብሪካው አዞረ። "ቧንቧው ከዛሬ ጀምሮ አይዘጋም። ወደ መንደሩም እንዘረጋዋለን" አለ። ሴቶቹ እልል አላሉም። አንድ በአንድ ተነስተው ጀሪካናቸውን ይዘው ወጡ። እናቴ በአጠገቤ ስታልፍ ክንዴን ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችኝ።

ሁሉም ወደ መኪናው ሲሄድ ወደ አባቴ ቀረብኩ። "አባባ፣ ለምን?" አልኩት።

"ባዶ ቤት እንግዳ ላስገባ?" አለኝ። ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ እንደገና አጣፋው። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

በመንገዱ ሁሉ ኃላፊዬ ምን ይለኝ ይሆን እያልኩ ስባንን ነበር። ወራት ሙሉ ግምገማ በተጠራ ቁጥር ስሜ እስኪጠራ እጠብቅ ነበር። ምንም አልመጣም። በኋላ እሱ ራሱ ሌላ ቦታ ተዛወረ፣ እኔ ቀረሁ። ቧንቧውም እስከ ደጃቸው ደረሰ፤ እናቴ ቃሊቲ መውረዷን ተወች። የፈራሁት ሁሉ አልደረሰም፤ የደረሰው ያልፈራሁት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እሑድ ቤት ስሄድ አባቴ ከመቀመጫው ይነሳልኛል። ለአማቾች ብቻ የምትወጣውን ወንበር ያቀርብልኛል። ጠረጴዛው ላይ ከሱቅ የተገዛ፣ ያ ፋብሪካ የሚያሽገው ውሃ ይቀመጥልኛል፤ እነሱ ከጀሪካን እየቀዱ ይጠጣሉ። "ከእናንተው እጠጣለሁ" ስለው "ኧረ በስመ አብ!" ይላል። እናቴ አቀርቅራ ትስቃለች፣ ግን ጠርሙሱን አታነሳውም።

አንዴ እናቴ ታማ ሆስፒታል ተኝታ ወጥታ ኖሯል፤ የሰማሁት ከጎረቤት ነው። እየሮጥኩ ሄጄ "አባባ፣ እንዴት አትነግሩኝም?" ብዬ አለቀስኩ።

"ደህና ነን" አለኝ፣ ወንበሯን እያቀረበልኝ። "እግዜር ይመስገን፣ ምን ጎድሎብን!"

አሁን ስሄድ በሩ ላይ ቆም ብዬ ቤቱን አየዋለሁ። እንስራው ሞልቷል፣ ጆንያው በሩ አጠገብ ቆሟል፣ አባቴ ነጠላውን አጣፍቶ ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል። የትኛው የራሳቸው፣ የትኛው ለእኔ ሲባል የተዋሱት እንደሆነ አላውቅም። ስለዚህ በሩ ላይ ቆሜ እፈራለሁ።