ሌሊትን ያስቀረው መብራትና የእኛ ቤት ባቄላ

ዓመተ ምሕረቱን ልንገራችሁ ብል እዋሻለሁ። በጃንሆይ ጊዜ መሆኑን፣ እኔም ፊደል ለይቼ ሁለተኛ ክፍል መግባቴን ብቻ ነው የማውቀው። ሰሞኑን ልጄ የነቀዝ መድኃኒት ገዝቶ መጣና ያ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ሲሸተኝ፣ መምህር ታከለ ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው ከፊቴ የቆሙ መሰለኝ።

መምህር ታከለ ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ድጓን፣ ሲማሩ ቆይተው ኋላ እስቴ የመንግሥት አስተማሪ የሆኑ ሰው ነበሩ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ የፈረንጅ መጽሐፍ እያዩ በአማርኛ ያወሩልናል። ከሁሉ የማልረሳው ሌሊትን የሚያስቀር መብራት የሠራውን ሊቅ ነው። መጀመሪያ አገሩ እልል አለ። ውሎ አድሮ ግን ዶሮው መጮሁን ተወ፤ ላሚቱ መተኛት አቅቷት ወተቷ ነጠፈ፤ ሰውም እንቅልፍ አጥቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ እርስ በርሱ ተባላ።

«ለምን አያጠፋውም?» አልናቸው።

«ማብሪያውን እንጂ ማጥፊያውን መቼ ፈለገ? ጠላ የሚቀዳ ሰው እንኳ አስቀድሞ ራሱ ይቀምሳል። እሱ ሳይቀምስ ነው ላገር ያጠጣው።»

እኔም ደስ ብሎኝ እጄን አወጣሁ። «እኛም ቤት ነቀዝ የሚያስቀር ነጭ ዱቄት መጥቷል። አባባ ከባቄላው ደባለቀው።» አጎቴ ስማዳ ቆላ ወርዶ ለወባ ዲዲቲ ከሚረጩት ጋር ሲሠራ፣ የተረፈውን ነበር ያመጣልን።

መምህር መጽሐፉን ከደኑት። በዚያ ካፊያ ተከትለውኝ ቤት ስንደርስ እናቴ ለእራት ንፍሮ ልትጥድ ባቄላውን እያጠበች ነው።

«አያ ደስታው፣ ይህ መርዝ ነው፤ ታጥቦም አይለቅም» አሉት አባቴን።

«መርዝ ቢሆን መንግሥት በየሰዉ ቤት ያስረጨው ነበር?»

«የሚረጨው ግድግዳ ላይ ነው። እናንተ ግድግዳ ትበሉ እንደሆነ አላውቅም።»

እናቴ ሳቋ አመለጣት። አባቴ አልሳቀም።

«እንግዲያው እርስዎ ይቅመሱት፤ ልጆቹ ኋላ ይበላሉ» አሉት መምህር።

አባቴ አንድ ፍሬ አንሥቶ አሸተተ። እኔን አየኝ። መልሶ አስቀመጠው።

«ክረምቱንስ በምን ላውጣቸው መምህር? ጎተራዬ ውስጥ ያለው ይኸው ነው። ደጅ ቆሜ ደግሞ አልለምንም።»

«እርስዎ ምን ሊለምኑ፤ የለመድኩት እኔ አለሁ።»

ያን ባቄላ ከብትም ዶሮም እንዳያገኘው ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው አብረው ቀበሩት። ቅዳሜ ጧት መምህር ኮታቸውን እንደለበሱ፣ የቆሎ ተማሪ ሳሉ የሚለምኑባትን የቆዳ አኩማዳ አንግተው ወጡ። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየደጁ ሲቆሙ መንደሩ ጉድ አለ። ውሻው እንኳ ያንን ኮት አይቶ ምን ማድረግ እንዳለበት ግራ ገባው።

«ምነው መምህር፣ የጃንሆይ ደመወዝ አልበቃ አለዎ?» አላቸው አንዱ ጎረቤታችን።

«አልበቃኝም፤ ይልቅ አትርፈህ ስፈርልኝ» አሉት።

የእኛን ስም ለማንም አላነሡም። እሸት እስኪደርስ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ያችን አኩማዳ እኛ ቤት ያራግፏት ነበር። ሆዳም አስተማሪ የሚል ስምም እዚያው ሰፈር ተለጥፎባቸው ቀረ።

ልጄን፣ «ይህ የገዛኸው ለእህል ነው ለግድግዳ?» አልኩት። ሳቀብኝ። ቢሆንም የመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ ያለውን ጽሑፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስነበብኩት፤ ሲጨርስም ድገመው አልኩት። እሱ የጠየቅሁት እኔ መስዬዋለሁ። የሚጠይቁት ግን ያን ክረምት ያሻገሩኝ መምህር ታከለ ናቸው።