ኮረንቲውና የአባባ ምላስ

ሥራዬ ኮረንቲ የሰው አእምሮ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሠራ መመርመር ነው። ይህን ስናገር ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ሁሉ "ወይ ጉድ! አያቃጥለውም እንዴ?" ይለኛል። አያቃጥለውም፣ በጣም ትንሽ ነው። ቀጭን ሽቦ አእምሮ ውስጥ ዘልቆ ይቀመጣል፤ ደረት ላይ ከቆዳ ሥር የተቀበረ ባትሪ ኮረንቲ ይልክለታል፤ የሚንቀጠቀጠው እጅ ጸጥ ይላል። እንዴት? ጉዱ እሱ ላይ ነው። ኮረንቲው የአእምሮ ሴሎቹን ዝም ያሰኛቸዋል የሚሉ አሉ። የለም፣ አንድ ላይ ሆነው ሲያጨበጭቡ ነው የሚበትናቸው የሚሉም አሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ።

አባባ የባቡር ጡረተኛ ነው። እንደ ድሬ ልጅ "አንተ" ነው የምለው፤ አንድ ቀን "አንቱ" ብለው "ምን አጠፋሁ?" አለኝ። ፓርኪንሰን የሚሉት የመንቀጥቀጥ ሕመም እጁን ከያዘው ወዲህ ሻይ የሚጠጣው በሰው እጅ ነበር፤ ከሁሉም ያ ነው ያንገበገበው። ውጭ አገር ሄዶ ሽቦው ገባለት። ሲመለስ ጢሙን ራሱ ላጨ። እልል አልኩ!

በሳምንቱ ቀፊራ ገበያ ወጣን። አባባ ድሮ ቲማቲም ሲገዛ በአማርኛ ዋጋ ይጠይቃል፣ በኦሮምኛ ይቆጣል፣ በሶማልኛ ይምላል፤ ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው። ያን ቀን ግን በደረቅ አማርኛ ጠየቀ፣ "እሺ" ብሎ ከፈለ። ደንበኛው የሆነችው ሻጭ ወደ እኔ ዞራ "አቦ፣ ምን አድርጌው ነው የተቀየመኝ?" አለችኝ።

ሽቦውን ያስገባለት፣ ውጭ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ሐኪሙ ግን በስልክ አናግሮት "አማርኛው ጥርት ብሏል" እያለ ተደሰተ። የድሬ ሰው አማርኛው ጥርት ካለ ጤና እንደሌለው ለእሱ እንዴት አድርጌ ላስረዳው! ተቀምጬ አነበብኩ። ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የሚያሻግረን የአእምሮ ክፍል፣ እጅን ከሚያዘው ጋር ጎረቤት ሳይሆን አይቀርም። ኮረንቲው አጥር ዘሎ ይሆን? ጉጉቱም ፍርሃቱም አንድ ላይ ያዙኝ።

ለአባባ ነገርኩት፤ "ኮረንቲውን ብንቀንሰው ምላስህ ይመለስ ይሆናል። እጅህም ሊንቀጠቀጥ ይችላል።"

"ይሆናል ማለት ምንድን ነው? ተመራማሪዋ አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

"ስለማላውቅ ነዋ የምመራመረው!" ብዬ ጮህኩበት።

እጁን ገልበጥ አድርጎ አየው። "ቀንሺው" አለ በመጨረሻ።

ሐኪሙ ፈቀደ። የባትሪውን መቆጣጠሪያ ይዤ ኮረንቲውን ቀስ እያልኩ ዝቅ አደረግሁት። እኔ አፉን አያለሁ፤ እሱ እጁን ያያል። ጣቶቹ ጀመሩ። እዚያው ተጸጸትኩ።

"ልመልሰው? አባባ፣ ልመልሰው?"

አልሰማኝም። የሚንቀጠቀጠውን እጁን ትክ ብሎ እያየ "ዱፍቴ?" አለው በኦሮምኛ፣ መጣህ? ቀጥሎ በሶማልኛ "ሶ ዳወው" አለው፣ እንኳን ደህና መጣህ። እንባዬ መጣ።

"በል ግባ እንግዲህ" አለው በአማርኛ፣ "ምን በር ላይ ያስቆምሃል?"