ሰማያዊ ክዳን

አክስቴን ያባረራት ሥራ አስኪያጅ ስሙ ሲነሳ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ባያውቅ ኖሮ ይቅር እለው ነበር። የሰው ዓይን እንዴት እንደሚሸወድ በራሱ ደርሶ አይቶታል።

አክስቴ ለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ ውስጥ ሥራዋ ጠርሙስ ማየት ነበር። ታጥበው የወጡ ባዶ ጠርሙሶች ከመሞላታቸው በፊት በበራ ነጭ ሰሌዳ ፊት ተሰልፈው ያልፋሉ። እሷ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ አፉ የተሸረፈውን፣ ውስጡ ቆሻሻ የቀረበትን ታነሳለች። መነጽር አድርጋ አታውቅም፤ ሠራተኛው ግን «እማማ መነጽር» ነበር የሚላት። እኔ ከጎኗ ሳጥን እደረድር ነበር።

አንድ ቀን አንዲት የሥነ ልቦና ተመራማሪ መጣች። ሥራ አስኪያጁም ባለበት፣ ፊደል የተበተነበት ሥዕል ግድግዳው ላይ አብርታ «ቀያዮቹን ፈልጉ» አለችን። ተሽቀዳድመን ፈለግን። ከዚያ «መቀሱንስ ማን አየው?» ብላ ጠየቀች። ለካ መሃል ላይ ከፊደሎቹ ሁሉ የሚበልጥ መቀስ ተዘርግቶ ኖሯል! አንድም ሰው አላየውም። ሥራ አስኪያጁ ራሱ «ጉድ እኮ ነው!» እያለ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ዓይን የታዘዘውን ሲፈልግ ሌላውን ይዘላል» አለች ተመራማሪዋ። «የሚፈልገው ነገር ከስንት አንዴ ሲመጣ ደግሞ ይዘናጋል። ስለዚህ ሆን ብላችሁ የተበላሸ ጠርሙስ ቀላቅሉ። ግን ዓይነቱን ለዋውጡት፤ አደራ!»

ሰውዬው ምክሩን ግማሹን ዋጠ፣ ግማሹን ተፋ። መጋዘን ውስጥ የተረፈ ሰማያዊ ክዳን ነበረውና እሱን ጠርሙስ ውስጥ መጨመር ጀመረ፤ ሁልጊዜ ሰማያዊ ብቻ። ከሰሌዳው ማዶ ቆሞ ያመለጠውን ራሱ ያነሳል፤ ያሳለፈውንም ሰው ይሰድባል። አክስቴ ምን ታድርግ? ሰማያዊ ስትፈልግ ትውላለች። አንድም አላመለጣትም። «እንዲህ ነው እንጂ እማማ!» ይላት ነበር።

ከዚያ አፉ የተሸረፈ ጠርሙስ አለፋትና የአንድ ደንበኛ ከንፈር ተቆረጠ። ሰውዬው ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ።

«እማማ፣ ዓይንዎ ደክሟል። ከነገ ጀምሮ አይምጡ።»

«ሰማያዊ ይፈልጉ ያሉኝ እርስዎ አይደሉ? እርስዎስ መቀሱን አይተውት ነበር?»

«ያ ጨዋታ ነው፤ ይሄ ሥራ ነው!»

ጨዋታ! አክስቴ ጋውኗን አጣጥፋ በርጩማው ላይ አስቀመጠችና ወጣን። መንገድ ላይ ቀስ ብላ «እውነት ዓይኔ ደክሞ ይሆን እንዴ?» አለችኝ። እንጀራዋን መቀማቱ ሳያንሰው በገዛ ዓይኗ እንዳትተማመን አደረጋት። ከሁሉ የባሰ ያበገነኝ ይሄ ነው።

በማግስቱ እሷ ቦታ እኔን አስቀመጠኝ።

«አንቺ ልጅ ነሽ፣ ዓይንሽ ንቁ ነው። ሰማያዊዋ እንዳታመልጥሽ!»

ሰማያዊ ክዳን ያለበት ጠርሙስ መጣ። ትኩር ብዬ እያየሁት አሳለፍኩት። ከሰሌዳው ማዶ ጩኸቱን ለቀቀው፤ ቀና ብዬም አላየሁት። ከኋላው አፉ የተሸረፈ እየመጣ ስለነበር እሱን አነሳሁ።