ለአባባ የያዝኳት ነጭ ወፍ

ባለፈው ሳምንት ከለቡ በታክሲ ስመለስ፣ ለሕንፃ መሠረት የተቆፈረ ጉድጓድ ውኃ አቁሮ፣ ዳሩ ላይ አንዲት ነጭ ወፍ ቆማ አየሁ። «ወራጅ አለ» አልኩ። ረዳቱ እዚህ መውረጃ የለም፣ ትራፊክ ይቀጣናል ቢለኝም እኔ በሩን ይዤ ተነስቼ ነበር። እኔ ድሮም ካልኩ አልኩ ነው፤ እናቴ ግትሯ እያለች የምትጠራኝ በከንቱ አልነበረም። ወርጄ ጭቃው ዳር ቆምኩ። ሲሚንቶ የሚያቦኩት ልጆች ምን ጠፍቶብሽ ነው እናት እያሉ ሳቁብኝ። ወፏ ተነስታ እስክትሄድ ጠብቄ፣ እስከ ላፍቶ በእግሬ ተጓዝኩ። እንባዬም መጣ፣ ለምን እዋሻለሁ።

በልጅነቴ የምንኖረው ንፋስ ስልክ ነበር፤ ዘመኑ የደርግ ነው፣ እኔም የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ቤተሰብ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። አባባ አናጢ ነበር። ከሥራ ሲገባ ልብሱ የሰጋቱራና የኮላ ሽታ ይሸታል፤ ዛሬም የእንጨት ሥራ ቤት ደጃፍ ሳልፍ እግሬ ይያዛል። ያን ዓመት ክረምቱ ወጥቶ፣ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ፣ አንድ ቀን በጊዜ ገባና ካፖርቱን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተዘረረ። በሦስተኛው ቀን የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ፊቱ፣ ከዚያ መዳፉ። ደንግጬ ሳየው፣ ስምሽን ወሰድኩብሽ ብሎ ቀለደብኝ። ስሜ ትርንጎ ነው። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ጤና ጣቢያው ጉበት ነው፣ ይተኛ፣ ጣፋጭ ነገር ይብዛለት፣ ቅባት ይቅርበት አለ። የግቢው ሰው ደግሞ በሽታውን በሌላ ስሙ ያውቀዋል፤ የወፍ በሽታ። በአናቱ ላይ ያለፈች ወፍ ናት የጣለችበት ይባል ነበር። ስኳር ያን ጊዜ ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ነው፣ ያውም ተሰልፎ። የፊት ለፊት ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ የራሷን ድርሻ በከረጢት ይዛ መጣችና፣ እኔ ስኳር አልወድም ብላ አስቀምጣው ሄደች። ውሸቷን ነው፤ ጣቷን ስኳር ውስጥ ነክራ ስትልስ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አባባ ሾርባ እንኳ አልወርድ አለው። አንድ ከሰዓት እማዬ ልብስ እያጠበች ለእትዬ ዘይነባ በሹክሹክታ ስታወራ ሰማሁ፤ ከአባባ ጋር ይሠራ የነበረ አንድ አናጢ ባለፈው ዓመት በዚሁ በሽታ ሞቷል። እማዬ ታለቅሳለች፣ እያለቀሰችም የአባባን ሸሚዝ ታሻለች። እኔ ቧንቧው ጋ ባልዲ ይዤ ቆሜያለሁ። ባልዲው ሞልቶ እግሬ ላይ ሲፈስ አላወቅኩም።

እዚያው ቆሜ ቆረጥኩ። በወፍ የመጣ በወፍ ይሄዳል አልኩ። የልጅ ነገር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ወፍ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ማስቸገር ያዝኩ።

መጀመሪያ እትዬ ዘይነባን ጠየቅኳት። እሷ ሁድሁድ ስለምትባል ባለጉትዬ ወፍ ነገረችኝ። ንጉሥ ሱለይማን ወፎቹን ሰብስቦ ሲቆጥር ሁድሁድ የለችም፤ በቂ ምክንያት ካላመጣች አርዳታለሁ ብሎ ተቆጣ። እሷም ብዙ ሳትቆይ መጥታ፣ አንተ የማታውቀውን አገር አይቼ መጣሁ፣ ሳባ የምትባል አገር አለች፣ የምትገዛትም ሴት ናት አለችው። ታሪኩ ደስ አለኝ። ታዲያ በሽታ ታድናለች ወይ ስላት፣ ወፍ ወሬ አመላላሽ ናት እንጂ ሐኪም አይደለችም አለችና ጎመኗን መቀንጠስ ቀጠለች።

ሦስተኛው ጎረቤታችን ጋሽ ዳና ከአርባ ምንጭ የመጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ጴንጤ ነው። ያን ጊዜ ጴንጤ ተሰብስቦ ሲጸልይ ከተገኘ መታሰር ስለነበረ፣ አብረውት የሚጸልዩት ሰዎች ሲመጡ ራዲዮኑን ከፍ ያደርገዋል። የአብዮት መዝሙር ግቢውን ሲያናውጠው እኛ ጋሽ ዳና ጸሎት ላይ ነው እንላለን፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አንልም። እሱ የነገረኝ ስለ ንስር ነው። ንስር ሲያረጅ ምንቃሩ ይጎብጣል፣ ላባው ይከብደዋል። ታዲያ ከፍ ያለ ዓለት ላይ ይወጣና ምንቃሩን ከድንጋይ ጋር እያጋጨ ይሰብረዋል፣ ላባውን እየነጨ ይጥለዋል፤ ብቻውን ተርቦ ይቆይና አዲስ ሲያበቅል እንደ ገና ወጣት ሆኖ ይበራል። ይህም ደስ አለኝ። ግን አባባ የሚሰብረው ምንቃር የለው። ለእኔ የሚሆን አላገኘሁም።

ያገኘሁት የኔታ ዘንድ ነው። እማዬ ጠበል እንዳመጣ ወደ ብስራተ ገብርኤል ስትልከኝ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ጉልበታቸውን ስሜ የአባባን ነገር ነገርኳቸው። በጥንት የብራና መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ወፍ አለች አሉኝ። ስሟን ዛሬ አጥርቼ አልይዘውም፤ ካራድዮን ይመስለኛል። ሁለመናዋ ነጭ ነው፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ የላትም። ሕመምተኛ ፊት ሲያቀርቧት፣ የሚድን ከሆነ ዓይኑን ትኩር ብላ ታየዋለች። እያየችውም በሽታውን ትስበዋለች፣ ስባም ወደ ፀሐይ ትወጣለች፤ በሽታው እዚያ ላይ ተቃጥሎ ይቀራል። ካላየችውስ ብዬ ጠየቅኩ። የኔታ የዝንብ ጭራቸውን እያወዛወዙ፣ ፊቷን ካዞረችማ ሰውየው አይተርፍም አሉ።

የመጀመሪያውን ሰማሁ፣ የኋለኛውን ናቅሁት። ነጭ ወፍ የት እንዳለ አውቃለኋ! ላፍቶ ያኔ እርሻና ሜዳ ነው። ከብት በተሰማራበት ሁሉ፣ ሳቢሳ የሚሏቸው ባለረጅም እግር ነጫጭ ወፎች ከላሞቹ ኋላ እየተከተሉ ፌንጣ ሲለቅሙ ይውላሉ። ቤት ደርሼ ለእማዬ ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ፊቷ አመድ መሰለ፤ ለካ ታሪኩን ታውቀዋለች። ክንዴን ያዘችኝ።

«ብታዞርስ?» አለችኝ። «ብታዞርስ ትርንጎ? እኔ ይህን ቆሜ ልይ?»

«አላስዞራትም» አልኩ።

ወፍ የሚባል ነገር ደጃፉን እንዳይረግጥ ብላ አስማለችኝ። እኔ ግን የማልኩት አፌ ውስጥ ምላሴን አጥፌ ነው፤ እንዲህ ያለ መሐላ አይቆጠርም። በማግስቱ ደብተሬን ይዤ ወጣሁና ከትምህርት ቤቱ በር ታጥፌ ላፍቶ ወረድኩ። የመጀመሪያው ቀን ሩጫ ነበር፤ እኔ እሮጣለሁ፣ እነሱ ብድግ ብለው ሃያ እርምጃ ርቀው ያርፋሉ። በሁለተኛው ቀን የእማዬን ወንፊት በእንጨት ደግፌ፣ ሥሩ ስንዴ በትኜ፣ ገመዱን ይዤ ሣር ውስጥ ተኛሁ። ሳቢሳ ስንዴ አትበላም ለካ። ድንቢጥ ሆዷን ሞልታ ሄደች። ማምሻውን ኮንጎ ጫማዬ ጭቃ ጠጥቶ፣ እግሬ ተልጦ ስገባ ጋሽ ዳና ቧንቧው ጋ አገኘኝና ምን ሆንሽ አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። በዚህ ነገር አላምንም አለ። ከዚያ ግን ቤቱ ገብቶ፣ ግድግዳው ላይ ሰቅሎት የኖረውን መረብ አውርዶ ሰጠኝ። ከአባቱ ጋር ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠመደበት ነው። እንዳትቀጅው ብቻ አለኝ። ወዲያው ራዲዮኑ ሲጮህ ሰማሁ።

በሦስተኛው ቀን የከብቶቹ ባለቤት የሆኑ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆይተው ጠሩኝ። «ሱታ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። ወደ ወፏ አትሂጂ፣ ከላሟ ጋር ሂጂ፤ ሰው እንጂ ላም አትፈራም አሉ። እንዳሉኝ አንዲት ቀይ ላም ጎን ተሸጉጬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ እሷ ስትራመድ እየተራመድኩ፣ ስትቆም እየቆምኩ ሄድኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ፀሐይዋ አናቴን በላችው። ወፏ እዚያው እግራችን ሥር ፌንጣዋን ስትለቅም መረቡን ወረወርኩና በደረቴ ወደቅኩባት። በምንቃሯ ግንባሬን ወጋችኝ፤ ምልክቱ ከቅንድቤ በላይ ዛሬም አለ። አልለቀቅኳትም። ላባዋን እያገላበጥኩ ጥቁር ነጥብ ፈለግኩ፣ የለም። እግሯ ግን ጠቆር ያለ ነው። የኔታ ስለ እግር ምንም አላሉም ብዬ አለፍኩት።

በሹራቤ ጠቅልዬ፣ ደሜ ዓይኔ ላይ እየወረደ፣ ከላፍቶ ንፋስ ስልክ ድረስ ሮጥኩ። እማዬ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች፤ አትገቢም አለች። እትዬ ዘይነባ መጣች፣ ጋሽ ዳናም ለፈረቃው ሊወጣ ሲል ቆመ። አባባ ከውስጥ ድምፃችንን ሰምቷል። በደከመ አንደበት፣ አስገቢያት፣ ልጄ ምን ይዛ እንደመጣች ልይ አለ። እማዬ እጇን አወረደች።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሹራቡን ከአንገቷ ገለጥኩ። ወፏ አንገቷን መዘዘች። አባባን አየችው፣ ወይም ያየችው መሰለኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እማዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ጭንቅላቷን ይዤ ወደ አባባ መለስኩት። ተመልሳ አዞረች። እንደ ገና መለስኩ፣ እንደ ገና አዞረች። እያለቀስኩ እይው፣ እይው እላታለሁ፤ አንገቷን ልሰብረው ምንም አልቀረኝም። አባቴን በገዛ እጄ ገደልኩት አልኩ በልቤ።

አባባ እጁን ዘረጋና ክንዴን ያዘኝ።

«ተያት፣ ትርንጎ» አለኝ። «የወፍ ዓይን የት ነው ያለው? በጎኗ አይደል? ፊቷን ስታዞር ነው የምታየኝ። ነይ፣ ጠጋ ብለሽ ተመልከቺ።»

ጎንበስ አልኩ። እውነቱን ነው! ምንቃሯ ወደ ግድግዳው ነው፤ አንደኛው ዓይኗ ግን፣ ክብ ብላ፣ ሳትርገበገብ አባባ ላይ ተተክላለች። ዓይኗም ቢጫ ነው፣ ልክ እንደሱ። ወሰደችለት ብዬ ጮህኩ። ሳበችው፣ ዓይኗን እዩት አልኩ። እማዬ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ ግቢው መሀል ወጥቼ ለቀቅኳት። ወደ ፀሐይ ነዋ መሄድ ያለባት! እሷ ግን በርራ ሽንት ቤቱ ጣሪያ ላይ አረፈችና ላባዋን ማበጠር ጀመረች። በሽታው ግቢያችን ሊቀር ነው ብዬ ጠጠር በጠጠር አደረግኳት። ውጪ፣ ወደ ላይ ውጪ እያልኩ ቆርቆሮውን ስደበድበው እትዬ ዘይነባ በሳቅ ግድግዳ ተደገፈች፣ እማዬም እያለቀሰች ሳቀች፣ ጋሽ ዳና የፋብሪካው ሰዓት አለፈው። አባባ በመስኮት ያየኛል። በመጨረሻ ተነሳችና ወደ ላፍቶ በረረች። ፀሐይ በዚያ በኩል አልነበረችም፤ ዞራ ትደርሳለች አልኩ።

አባባ ከሳምንት በኋላ ሾርባ ጠጣ። የገና በዓል ሲደርስ መጋዙን ይዞ ሥራ ገባ። ማን አዳነው? እማዬ ጠበሉ ነው ትላለች፣ ጋሽ ዳና ጸሎቱን አመሰገነ፣ እትዬ ዘይነባ ስኳሬ ነው ብላ ትቀልዳለች፣ ጤና ጣቢያው ዕረፍቱ ነው አለ። የኔታ ግንባሬን ባረኩልኝ። ከትምህርት ቤት ለቀረሁበት ሦስት ቀን በጠጠር ላይ ተንበረከክሁ፤ ቅር አላለኝም።

ብዙ ዓመት አለፈ። አግብቼ፣ ወልጄ፣ አንድ ቀን አባባን ለመሆኑ የወፍን ዓይን ነገር ከየት አወቅከው አልኩት። አናጢ ነህ እንጂ አዳኝ አይደለህ። ምርኩዙን ጉልበቱ መሀል አድርጎ ሳቀ።

«እኔ ስለ ወፍ ምን አውቃለሁ?» አለኝ። «ስታዞር እኔም ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር፤ አለቀልኝ ብያለሁ። ያንቺን ፊት ሳይ ግን፣ እኔ ብሞት ይቺ ልጅ ዕድሜ ልኳን አባቴን ገደልኩ ብላ ልትኖር ነው አልኩ። አፌ ላይ የመጣውን ነው የተናገርኩት። እውነት መሆኑን እንዳንቺው ያኔ ነው ያየሁት።»

ዛሬ ላፍቶ ሜዳ የለም፤ ፎቅ፣ ሱቅና የታክሲ ተራ ነው። ስኳር ገንዘብ ካለሽ የፈለግሽውን ያህል ነው፤ ስትታመሚ በከረጢት ይዞ የሚመጣው ሰው ግን የቱ ፎቅ ላይ እንዳለ አታውቂም። እኔ ራሴ ከግድግዳዬ ወዲያ ያለውን ሰው ስም አላውቀውም፤ ያሳፍረኛል።

አባባ ካረፈ አራት ዓመቱ ነው። የመጨረሻው ሕመም ሲመጣበት ላመጣለት የምችለው ወፍ አልነበረም። ሐኪሙ እንደማይተርፍ ወረቀቱን እያየ ነገረን። ወንድሞቼ ማየት አቃታቸውና አንድ በአንድ ወደ ኮሪደሩ ወጡ፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ወንበሬን አስጠግቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። እስኪያርፍ ሦስት ቀን ነበር። ፊቴን አላዞርኩም።