ቀማሹ አናጢና የወንድሜ ጀልባ

ባሌ የጀልባ አናጢ ነው፤ ሰፈርተኛው ግን «ቀማሹ» ይለዋል። ያገኘውን ሁሉ በምላሱ ካላረጋገጠ አያምንም።

በታላቅ ወንድሜ አሮጌ የሸራ ጀልባ ውስጥ፣ ምሰሶዋን የተሸከመው ወፍራም ግንድ በጣት ሲጫኑት እንደ ራሰ ዳቦ ይሰረጉድ ነበር። ባሌ ቆርጦ አወጣው፤ ግን «የበሰበሰበትን ምክንያት ሳላውቅ አዲሱን አልገጥምም» አለ።

«ባሕር ውስጥ የሚውለው የውጪው እንጨት እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው። ይሄ ውስጥ ተቀምጦ ምን አበሰበሰው?»

ከወለሉ ሥር ባቆረው ውሃ ጣቱን ነክሮ ላሰ።

«ኧረ ምን ጉድ ነው!» አልኩት።

«ጨው የለውም» አለ፤ ዓይኑ በራ። «ጨው እንጨት ያቆያል፤ የሚያበሰብሰው ጨው የሌለው ውሃ ነው። ግን ከየት መጣ? ዝናብ ነው እንዳልል ጣሪያዋ አያፈስ።»

ይኼኔ ወንድሜ የውሃ ጎማውን እየጎተተ ገባ። ሃያ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀልባዋን ከውስጥ በቧንቧ ውሃ ያጥባታል።

«አይዞሽ የኔ ቆንጆ» አላት፣ ጎኗን መታ መታ እያደረገ፤ «ዛሬም ጨውሽን አጥብልሻለሁ።»

ባሌ ክብሪት ነው፤ አሁን ነደደ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ጎማውን ቀስ ብሎ ተቀብሎት ባልዲ እያስያዘው ነበር።

«ጋሼ» አለው፣ «ዛሬስ ከባሕሩ እንቅዳላት።»