አባቴ ያኘከው ዕንቁ

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ሆሳዕና ዘመድ ቤት ተቀምጬ ሰባተኛ ክፍል እማር ነበር። ብዙ ዓመት አልፎታል። ዛሬም ትልቅ ቀለበት ያደረገ ወንድ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ።

እዚያው ከተማ አቶ ተካ የሚባል የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ከሰውየው በፊት የሚታየው ቀለበቱ ነው። የብር ቀለበት፣ መሐሉ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ቀይ ዕንቁ፣ ዙሪያውን ትንንሽ አረንጓዴ ፈርጥ። "አንድ ትልቅ ራስ ለአያቴ የሸለሙት ነው" ይላል። የትኛው ራስ እንደሆኑ ግን በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ሰላም ሲል እጁን የሚዘረጋው ጣቱን ቀስሮ ነው፤ ሳሙልኝ የሚል ነበር የሚመስለው።

ይሄ ሰው እኔን ለሚስትነት ጠየቀ።

አባቴ ፎንቆ አጠገብ ገበሬ ነው፤ የጸሎት ቤት ሽማግሌም ነበር። ጌጥ ኃጢአት ነው ብሎ እናቴን አምባሯን ያስወለቀ ሰው! ያ ቀለበት ምን እንዳደረገበት እንጃ፣ "እንዲህ ያለ ዕቃ በጣቱ አድርጎ የሚዞር ሰው ልጄን አያስርባትም" አለ። በጥር ትምህርቴን ትቼ እንድዳር ተወሰነ። እኔ ደግሞ ሚኒስትሪ ተፈትኜ አስተማሪ ለመሆን ነበር የምመኘው። እግሩ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። "ተምረሽ ምን ልትሠሪ? ደብዳቤ እንደሆነ ባልሽ ይጽፍልሻል" አለኝ።

የጋብቻው ነገር የሚያልቀው ሰውየው እቤታችን መጥቶ ከአባቴ ጋር ሲበላ ነው። አክስቴ አታካና ሠራች። አታካና ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራ የክብር ምግባችን ነው፤ የሚቀርበውም ከነትኩሱ ነው። ለአቶ ተካ ማንኪያ ተሰጠው። ገፋ አደረገና "የባላገር ምግብ በእጅ ነው የሚጣፍጠው" አለ። ታዲያ ቀለበቱን ያወልቃል ብላችሁ ነው? ከነቀለበቱ ገባበት። ቅቤው እየለበለበው "እሰይ! እሰይ!" ይላል። ደጋግሞ ከጎረሰ በኋላ ጠቀም አድርጎ ለአባቴ አጎረሰው።

አባቴ ማኘክ ጀመረና ቀጥ አለ። ቀጭ ሲል ሁላችንም ሰማን።

"ወይኔ ጥርሴን!" ብሎ ጣቱን አፉ ውስጥ ሰደደና የሆነ ነገር አወጣ። አክስቴ ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ጥርስ አይደለም። ጥጉ የተሸረፈ ነጭ የጠርሙስ ስባሪ ነው።

ሁላችንም ወደ አቶ ተካ ጣት ዞርን። ዕንቁው የነበረበት ቦታ ላይ ቀይ የከረሜላ ወረቀት ተለጥፏል። ለካ ቅላቱ የወረቀቱ ኖሯል! ጠርሙሱ የተያዘው በሰም ስለነበር ትኩስ ቅቤ ሲያገኘው ቀለጠ። ከአረንጓዴዎቹም ሁለቱ የሉም፤ እሱ ራሱ ሳይውጣቸው አልቀረም።

"ብሩ እውነተኛ ነው! ማርትሬዛ ቀልጦ የተሠራ ነው!" አለ ላቡ እየተንቆረቆረ። እውነቱን ነው፣ ብሩስ ብር ነበር።

አክስቴ ግን ምላሷ አያርፍም። "አቶ ተካ፣ ለመሆኑ እኚያ ራስ ከረሜላ ይወዱ ኖሯል?" አለችው።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ያልሳቀው አባቴ ብቻ ነው። ጉንጩን እንደያዘ ተነስቶ በሩን አሳየው። በጥር የተዳረ ሰው አልነበረም፤ እኔም ወደ ሰባተኛ ክፍሌ ተመለስኩ።

ትምህርቴን ጨርሼ አስተማሪ ሆንኩ፣ ሆመቾ የሚባል ከተማም አስተማርኩ። አባቴ በሄደበት ሁሉ "ልጄን ከአታላይ ያዳንኳት እኔ ነኝ" እያለ ይመጻደቅ ነበር። ብዙ ዓመት ዝም አልኩት። አንድ ቀን ግን አላስችል አለኝና "አባዬ፣ ድንጋዩ እውነተኛ ቢሆን ኖሮስ?" አልኩት።

"እሱማ ቢሆንልሽ ኖሮ ዛሬ የት በደረስሽ!" አለኝ፣ ከልቡ እያዘነልኝ።

ይሄን ሳስታውስ ሳቄ ይጠፋል። አስተማሪ መሆኔ የአንድ አንጥረኛ ሰም ውለታ መሆኑ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።