ኦዴት እና ወፍራሙ ፖስታ

ኦዴት ፔልቲየን የማያውቅ ሰው በቤከር ፎልስ ሊኖር ይችላል፤ የማያውቃት ውሻ ግን የለም። የከተማችን ፖስተኛ ናት። በበረዶም በጭቃም ሰማያዊ ቦርሳዋን አንግታ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት የፖስታ ሣጥኖችን በእግሯ ታዳርሳለች። ውሻ ሲያባርራት በላቲን ትሳደባለች። ላቲኑን ከየት አመጣችው ለሚል፣ ከዊትኮም ኮሌጅ ነው። ይህ የወረቀት ፋብሪካ ከተማ ከተቆረቆረ ጀምሮ ዊትኮም የገባ ሰው እሷ ብቻ ናት። በተመረቀች በወሩ አባቷ ታመመ፤ ልታስታምም መጣች፤ አባቷ ድኖ ሃያ ዓመት ኖረ፣ እሷም በዚያው ቀረች። "ላቲን ተምሮ ፖስታ ማደል አይከብድም?" የሚላት አይጠፋም።

"ቦርሳው ነው የሚከብደው" ትላለች።

እኔ ማርጎ ነኝ። ድልድዩ አጠገብ ያለችው ቁርስ ቤት የኔ ናት። ከኦዴት ጋር አንድ ክፍል ነበርን፤ እሷ ቀጥላ ኮሌጅ ገባች፣ እኔ ግን አሥራ አንደኛን አቋርጬ እንቁላል መጥበስ ጀመርኩ፤ እስከዛሬም እየጠበስኩ ነው። ይህቺን አሥራ አንደኛ ክፍል ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ዊትኮም ተማሪ ሲመርጥ ማመልከቻ ብቻ አይቶ አይበቃውም። በየከተማው የተበተኑትን ተመራቂዎቹን "በአካባቢያችሁ ያመለከተውን ልጅ አግኙት፣ አጫውቱት፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ በአንድ ገጽ ጻፉልን" ይላቸዋል። ውሳኔው የኮሌጁ ነው። ተመራቂው ጽፎ ይልካል፣ አለቀ፤ ወሮታው በዓመት አንድ የምስጋና ካርድ ነው። ኦዴት ይህን ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ልጆቹን ቤት መጥራት ክልክል ስለሆነ ሁሌም እኔ ጋ፣ መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው የምታገኛቸው። አርባ አንድ ልጅ ጠየቀች። ከአርባ አንዱ ስንቱ ገባ? አንድም። ለምልክት እንኳ አንድ የለም!

የኦዴት መከራ ደግሞ በዚህ አያበቃም። ይህ የሆነው ሰው ገና ደብዳቤ በሚጠብቅበት ዘመን ነው፤ የኮሌጁ መልስ የሚመጣው በፖስታ ነበር። ላለፈ ልጅ ወፍራም ፖስታ ይመጣለታል፤ ውስጡ የመኝታ ክፍል ቅጹ፣ የትምህርት ዝርዝሩ፣ ምኑ ቅጡ። ለወደቀው አንዲት ወረቀት የያዘች ቀጭን ፖስታ ትመጣለታለች። እነዚያን አርባ አንድ ቀጫጭን ፖስታዎች በየሣጥኑ የከተተችው ራሷ ኦዴት ናት። ስለ ልጁ አሳምራ የጻፈችውም እሷ፣ መርዶውን ያደረሰችውም እሷ! ከትታ ስታበቃ እንደ ሌባ ትሮጣለች። መጋቢት መጨረሻ ላይ እኔ ጋ መጥታ በአንድ ቁጭታ አራት ዶናት ትውጣለች።

አንድ ዓመት ጥር ላይ ከኮሌጁ ደብዳቤ መጣላት። ከአካባቢዋ ለረጅም ጊዜ ተማሪ ስላልተገኘ፣ ዘንድሮም ካልተገኘ በእኛ በሰሜኑ አካባቢ የሚደረገውን ቃለ መጠይቅ ይዘጉታል።

"አንድ ልጅ ብቻ ናት የቀረችኝ፣ ማርጎ" አለችኝ። "አንድ ወፍራም ፖስታ ተሸክሜ ብሞት አይቆጨኝም።"

"ተሸክመሽ ከሞትሽ ማን ያደርሰዋል፣ አንቺ ሞኝ?"

ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

የመጨረሻዋ ልጅ ታንሲ ሚሾ ትባላለች። ቤተሰቧ ወደ ከተማችን ከመጣ አምስት ወሩ ነው። ኦዴት የቤታቸውን ሣጥን እንጂ የልጅቷን ፊት አታውቅም፤ ፖስታ ሲታደል ልጅቷ ትምህርት ቤት ናት። በስልክ ተቃጠሩ፦ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ማርጎ ቤት። "የኮሌጁን አረንጓዴና ቢጫ ሻርፕ አድርጌ መስኮት ሥር እቀመጣለሁ" አለቻት።

የዚያን ቀን ኦዴት ፈቃድ ወስዳ፣ ቦርሳዋን ቤቷ ጥላ፣ ተኳኩላ ስትመጣ የሽማግሌው ቲቦዶ ውሻ መንገድ ላይ ያዛት። ጄኔራል ይባላል። ፖስታ በሌላት ቀን እንኳ አይምራትም። ሻርፑን ከአንገቷ መንጭቆ እግሬ አውጪኝ አለ። እሷ በላቲን እየተሳደበች በበረዶው ተከተለችው፤ አልደረሰችበትም። አሥር ደቂቃ አርፍዳ፣ እያለከለከች፣ ያለ ሻርፕ ገባች። መስኮቱ ሥር ነጭ ሸሚዝ የለበሰች፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች ልጅ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ኦዴት ከፊቷ ተቀመጠችና ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልቀየረችውን መክፈቻዋን ከፈተች።

"ስምሽንም ውጤትሽንም አትንገሪኝ፤ እሱ ወረቀት ላይ አለ። ወረቀቱ የማያውቀውን ንገሪኝ።"

እኔ ይህን ከምድጃው ሆኜ አይቼ፣ የምትጠብቃት ልጅ መጣችላት ብዬ ደስ አለኝ። እኔም ለራሴ ለአስተናጋጅነት ላናግራት በዚያው ሰዓት ቀጠሮ የሰጠኋት ልጅ ነበረችኝ፤ ከወንዙ ማዶ የምትመጣ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ነጭ ሸሚዝ የለበሰች ልጅ በረዶ እያራገፈች ገባች። ዙሪያውን ተመለከተች፣ የፈለገችውን አላገኘችም፣ ወደ እኔ መጣች።

"ይቅርታ፣ ለቃለ መጠይቁ ነው የመጣሁት።"

"ወደዚህ ግቢ የኔ ቆንጆ!" ብዬ ወደ ማድቤት ጎተትኳት። ስሟን አልጠየቅኩም። እኔ ጋ አስተናጋጅ አይበረክትም፤ ስም የምይዘው ሳምንት ለከረመች ብቻ ነው።

"ለምንድነው እኛን የመረጥሽው?"

"ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሕልሜ ነው" አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሠላሳ ዓመት ስጠብስ ቤቴን በሕልሙ ያየ ሰው መኖሩን የሰማሁት ያን ቀን ነው!

"እሺ፣ አራት ሳህን በአንድ ጊዜ መሸከም ትችያለሽ?"

ትንሽ አሰበች። ኋላ እንደነገረችን፣ ትልልቅ ኮሌጆች ሰው ሲደናገጥ ምን እንደሚሆን ለማየት የማይጠየቅ ነገር ይጠይቃሉ ሲባል ሰምታ ነበር። "ሞክሬ አላውቅም" አለች። "ልሞክር?"

ሽርጥ አሰርኩላት። ቅዳሜ ነው፣ ቤቱ በግንድ ቆራጮች ጢም ብሏል። የመጀመሪያዎቹን አራት ሳህኖች አደረሰች። ከሁለተኛዎቹ ሁለቱን የፋብሪካው ፎርማን አርማንድ ጭን ላይ ደፋቻቸው፤ እንቁላል፣ ቤከን፣ ሽሮፕ፣ ሁሉም። አርማንድ ዘሎ ሲነሳ ሳህኖቹ ወለል ላይ ተሰበሩ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለችኝ እየጠራረገች። "አንደኛው ሳህን ድሮም ስንጥቅ ነበረበት፤ ግን የተሰበረው በስንጥቁ ሳይሆን በኔ ነው።" ወደ አርማንድ ዞረችና "ጌታዬ፣ ሱሪዎት ከሳህኑ የበለጠ በልቷል፤ ለእርስዎም ላምጣልዎት?" አለችው። አርማንድ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሽማግሌው ቲቦዶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሁልጊዜ የሚያዘው ሁለት እንቁላል ነው። ልጅቷ የምግብ ዝርዝሩን ሰጥታው ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ዝርዝሩን ቀስ ብላ መልሳ ወሰደችና ጎንበስ አለች። "ዝርዝሩ ይቆይ፤ ማድቤት ያለውን ወሬ እኔ ልንገርዎት" ብላ ያለንን ሁሉ እንደ ሐሜት አንሾካሾከችለት። ቲቦዶ የብሉቤሪ ፓንኬክ አዘዘ። ክው አልኩ። አሥር ዓመት ሙሉ እንቁላል የሚበላው ስለሚወድ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ማንበብ ስለማይችል ነው!

መስኮቱ ሥር ደግሞ ኦዴት በደስታ ልትፈነዳ ደርሳለች።

"ሕይወትሽን የቀየረው መጽሐፍ ምንድነው?"

"በበረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር መጠገኛ" አለች ልጅቷ። "በጃፓንኛ ነው። ሥዕሉን ብቻ እያየሁ ሞተሩን ፈትቼ ገጠምኩት። ሦስት ብሎን ተርፎኛል፣ ግን ይሄዳል።"

ኦዴት ጻፈች፣ አሰመረችበት፣ ደግማ አሰመረችበት። "እኔን የምትጠይቂው አለ?"

"አዎ። ቁርስ በነፃ ነው? ደግሞ የፀጉር መረብ ግዴታ ነው?"

የኦዴት እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። በዚያው ቅጽበት የኔዋ ልጅ ቡና ልትቀዳላቸው ደረሰች፣ እጅጌዋ የእንቁላል አስኳል ጠጥቷል። "ይቅርታ፣ ሚስስ ፔልቲየ የሚባሉ ሴት አይተዋል? አረንጓዴና ቢጫ ሻርፕ... ኮሌጁ ሌላ ሴት ልኮ መሰለኝ፣ ሳህን አሸከሙኝ።"

ከዚያ ሁላችንም እርስ በርስ ተያየን፤ መጀመሪያ የሳቀችው ለአስተናጋጅነት ከወንዙ ማዶ የመጣችው ሮክሳን ናት። "ስለ መጽሐፍ ሲጠይቁኝ ላይብረሪ የገባሁ መስሎኝ ነበር እኮ!" አለች። እኔ ጠረጴዛውን ይዤ ሳቅኩ፣ አርማንድ በእርጥብ ሱሪው ሳቀ። ኦዴት ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። አምስት ከሃያ ይላል። የኮሌጁ ቀነ ገደብ ያ ቀን ስለሆነ ጽሑፏ ላይ የዚያ ቀን ማኅተም ማረፍ አለበት፤ ፖስታ ቤት ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ይዘጋል።

ታንሲን አስቀመጠቻትና ከመክፈቻዋ ጀመረች። ልጅቷም ሽርጧን ፈታ፣ ጀርባዋን አቃንታ መለሰች። "ዊትኮም የዕውቀት ጥማቴን የሚያረካ ማኅበረሰብ በመሆኑ..." እያለች የሸመደደችውን ስታወርድ ኦዴት አንገቷን ቀና አደረገች።

"አርባ አንዱም ያሉኝ ይህንኑ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ቃል በቃል። እኔም ቃል በቃል ጻፍኩት።" ደብተሯን ዘጋችና ወደ እኔ ዞረች። "ማርጎ፣ ነይ ተቀመጪ። አንቺ ተናገሪ፣ እኔ እጽፋለሁ።"

"አብደሻል? ተመራቂ ብቻ ነው የሚጠይቀው ብለሽኝ የለ? እኔ አሥራ አንደኛን ያልጨረስኩ ሴትዮ ነኝ!"

"እሱንም እጽፈዋለሁ። የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ።"

"ቢጥሉትስ?"

የኦዴት የመጨረሻ ዕድል እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ የልጅቷም ዕድል ነው። "ፈቃድሽ ነው?" ብላ ታንሲን ጠየቀቻት።

ታንሲ እጅጌዋን አየች። "ሁለቱን ሳህኖችም ይጻፏቸው" አለች።

ተናገርኩ። ስለ ስንጥቁ፣ ስለ አርማንድ ሱሪ፣ ስለ ቲቦዶ ፓንኬክ፤ የቲቦዶን ስም አልጠራንም። ኦዴት "እኔ ይህችን ልጅ አልጠየቅኳትም፤ የጠየቀቻት ቁርስ ቤት ያላት የልጅነት ጓደኛዬ ናት፣ ለአስተናጋጅነት" ብላ ጀምራ አንድ ገጽ ሞላች፤ ከዚያ በበረዶው ሮጠች። ማኅተሙ ሲመታ ስድስት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ነበር የቀረው። እኔም ሁለቱንም ልጆች ቀጠርኳቸው፤ ስማቸውንም ያኔውኑ ያዝኩ።

መጋቢት መጨረሻ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ኦዴት የኔን ፖስታ ልትሰጠኝ ገባች። ፊቷ ቀይ ሥር መስሏል። ዶናት አላዘዘችም። ቦርሳዋን አየሁ፤ የአንድ ትልቅ ነጭ ፖስታ ጥግ ብቅ ብሏል፣ አረንጓዴና ቢጫ ዓርማ ያለበት።

"ኦዴት!"

"የሰው ፖስታ ነው፤ ዓይንሽን አንሺ።"

"ወፍራም ነው! ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ሩጪ አድርሺላት!"

"ተራዋ ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠነኛ ነው" አለች። "አንቺ ዘጠነኛ ነሽ። ሕግ ሕግ ነው።"

ምድጃውን አጠፋሁ። ሽርጤን እንዳሰርኩ ተከተልኳት። አርማንድ "ምንድነው?" አለ፣ ነገርኩት፣ ተከተለ። ፀጉር አስተካካዩ ከነመቀሱ ወጣ። ሃምሳኛው ሣጥን ላይ ስንደርስ አሥር ነበርን፣ ሁለት መቶኛው ላይ አርባ። ኦዴት ዞር ብላ አታየንም፤ ሣጥን ትከፍታለች፣ ትከታለች፣ ትዘጋለች። ቲቦዶ ከዘራውን ይዞ ተቀላቀለ፤ ጄኔራል ከኋላው፣ አፉ ላይ የሻርፑ ቅሪት፣ ጭራውን እየቆላ። ሳቃችን መንገዱን ሞላው፤ ግን የፖስታው ውስጡ ሌላ ነገር ቢሆንስ?

ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠነኛው ሣጥን ጋ ስንደርስ፣ አጀቡ አዘግይቶን፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ትምህርት ቤት ተለቋል። ኦዴት ፖስታውን ወደ ሣጥኑ አስጠጋችው። አልገባም። አዙራ ሞከረች፤ እምቢ አለ። ሣጥን ያልያዘውን ፖስታ በር አንኳኩቶ መስጠት ነው ሕጉ። በሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዛ በር ስታንኳኳ የመጀመሪያዋ ነው።

ታንሲ በካልሲ ወጣች። እኛን አየች፣ ከዚያ ፖስታውን አየች።

"ወፍራም ነው" አለች።

"ወፍራም ነው" አለች ኦዴት።

ቀደደችው፣ የመጀመሪያውን መስመር አነበበች፣ ጩኸቷ ወንዙ ማዶ ተሰማ። ኦዴት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ አርባ አንዱን ሁሉ አንድ ላይ አለቀሰቻቸው። ታንሲ ደብዳቤው ላይ የተያያዘች ብጣሽ ወረቀት አገኘችና ጮክ ብላ አነበበች፦ "ለሚስስ ፔልቲየ፣ በሚቀጥለው ዓመትም እንጠብቅዎታለን። ጓደኛዎም አብረው ይጠይቁ።" አሁን ደግሞ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ በሽርጤ።

ስንተቃቀፍ፣ ስንጨፍር፣ ኦዴት አፍንጫዋን ጠርጋ ተነሳች፤ ቦርሳዋንም አነገተች።

"ወዴት?" አልኳት።

"ሃያ ሦስት ሣጥን ይቀረኛል።"

"ለዛሬ ተይው እንጂ!"

"ለቲቦዶ ከጥርስ ሐኪሙ የመጣ የቀጠሮ ካርድ አለ። ማን ያደርስለታል?"

"እኔ እዚሁ ነኝ!" አለ ቲቦዶ ከሰው መሀል። "አሁኑኑ ስጪኝ።"

"ሣጥንህ ጋ ስደርስ" አለችው።

ታንሲ ቦት ጫማዋን አጥልቃ የቦርሳውን አንድ ማንገቻ ያዘች። ሁላችንም ተከተልን። ቲቦዶ ቀድሞን ሮጦ ሣጥኑ አጠገብ ቆሞ ጠበቀ፤ ካርዷ ስትገባም አጨበጨብንለት። ካርዷን አውጥቶ ለታንሲ ሰጣትና "ምን ይላል? በጆሮዬ ንገሪኝ" አላት።